ሽንፈታችን ይመዝገብልን

የሐይቅ ዳር የሴቶች እግር ኳስ ሊግ ስለ ማኪንድዬ ሂል ቡድን የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ቡድኑ በራሱ ፈቃድ ከውድድሩ ራሱን አግልሏል።» መስመሩ ስህተት ነው። ቡድኑ ራሱን አላገለለም፤ ፈቃዱንም የጠየቀው የለም። ማረሚያ ልኬ መልስ ስላላገኘሁ ማረሚያውን እዚህ አኖራለሁ።

ይህን ማድረግ የነበረባት ታላቅ እህቴ ሰርካለም ነበረች። እሷ ብትሆን ጽሕፈት ቤታቸው ገብታ፣ ወንበር ስባ ተቀምጣ፣ እስኪያርሙት ድረስ አትነሳም ነበር። ሰርካለም በዚህ ዓመት ሰኔ ላይ ሞተች። እኔ እንደ እሷ መቀመጥ አልችልበትም። የተማርኩት መዝገብ መጠበቅ ነው፤ እሱን አደርጋለሁ።

ስለ ቡድኑ ለመናገር ከእሷ መጀመር አለብኝ። ሰርካለም የተወለደችው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። ካምፓላ የመጣችው ከባሏ ከገብረሂወት ጋር ነው። እሱ የአስመራ ሰው፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ እነሱ አልተጣሉም። ነገር ግን በአዲስ አበባም በአስመራም የሚያስቀምጣቸው ስላጡ በናይሮቢ በኩል መጡና ማኪንድዬ ኮረብታ ጎን ላይ ሁለት ክፍል ተከራዩ። እሱ ወደ ጁባ ጭነት ያመላልሳል፤ እሷ ለሠርግና ለክርስትና በትልቅ ድስት ታበስላለች። እኔ ለትምህርት መጥቼ እነሱ ቤት ተቀመጥኩ።

አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስትመርጥ ከገብረሂወት ቁጥር ተደወለ። የማታውቀው ሰው ድምፅ በስዋሂሊ «የዚህ ስልክ ባለቤት ሞቷል» አለና መስመሩ ተቋረጠ። የሽንኩርቱን ከፍላ ወደ ቤት ሄደች። ከተፈችው። ወጥ ሠራች። ከትምህርት ስመለስ ምሳ አቀረበችልኝ፤ በልቼ እጄን ከታጠብኩ በኋላ ነው የነገረችኝ።

ገብረሂወትን የማናውቃቸው ሰዎች መንገድ ዳር ቀብረውት ነበር። መቃብሩን አላየንም። ዓመት አልፎ እንኳ ሰው «ነፍስ ይማር» ሲላት «ማንም መጥቶ አልነገረኝም» ብላ ትመልስ ነበር። አእምሮዋ የተነካ የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ። አልተነካም። የምትለው ቃል በቃል እውነት ነበር፤ ማንም መጥቶ አልነገራትም።

ከዚያ በኋላ ነው በእኛ ማኅበር መርዶ ለማርዳት የምትጠራው ሰው የሆነችው። ከአዲስ አበባም ሆነ ከአስመራ የሞት ወሬ ሲመጣ የእድሩ ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚደውሉት ለእሷ ነው። ያኔ ሥራዋን ትጀምራለች። ባለለቅሶው ሥራ የሚገባው በስንት ሰዓት ነው? ማታ እራት በልቷል? ስልኩን ማን ይይዝልናል፣ አንድ ችኩል ዘመድ ቀድሞ እንዳይጽፍለት? ጎረቤቶቹ ያውቃሉ? በማለዳ ሽማግሌዎቹን አስከትላ ትሄዳለች። ቁርስ ታበላዋለች። እሷ ከጎኑ ትቀመጣለች፤ የሚናገረው ሽማግሌው ነው፤ እጇ ግን ከቃሉ በፊት ትከሻው ላይ ይደርሳል። አንድ ሽማግሌ ሊያለሳልስ ብሎ «ትንሽ ታመው ነበር» ብሎ ሲጀምር ከጎን ስትቆነጥጠው አይቻለሁ። ውሸት ከመርዶ ጋር መግባት የለበትም ባይ ነበረች።

አቤሰሎምንም እንዲህ አርድታዋለች። ያኔ ገና ወጣት ነበር፤ ካባላጋላ መንገድ ዳር የስልክ ሽፋን ይሸጣል። እናቱ ከረን ላይ ሞቱ። ሰርካለም በማለዳ ሄዳ እንቁላል ጠበሰችለት። ምንም ሳይጠረጥር «እትዬ ሰርካለም፣ እጅዎ እንዴት ይጣፍጣል፣ ይድገሙኝ» አላት። ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመዋል። ደገመችው። ጨርሶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ከዚያ ነው የሰማው። ይህን የማነሣው በኋላ ለተፈጠረው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

አቤሰሎም ከስልክ ሽፋን ተነሥቶ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ በሚባለው የፋብሪካ ሠፈር መጋዘን እስከ መያዝ ደረሰ። የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ሊቋቋም ነው፣ ስድስት ቡድን ይኖረዋል፣ ገንዘብ ያለው ቡድን መግዛት ይችላል ሲባል አንዱን፣ ማኪንድዬ ሂልን፣ ገዛ። የምሥረታው በዓል ሙንዮንዮ፣ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ተደረገ። ትልቅ ስክሪን ነበር፤ ከወለሉ ነጭ ጢስ ይወጣ ነበር፤ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ በጢሱ ውስጥ እያለፉ ታዩ። ሰርካለም ከእኔ አጠገብ ተቀምጣ «ምን ተቃጠለ?» ትላለች።

ሰርካለም መጀመሪያ የተቀጠረችው አቤሰሎም ለተጫዋቾቹ ማኪንድዬ ላይ በተከራየው ቤት እንድታበስል ነበር። ነገር ግን የሊጉ ደንብ የእያንዳንዱ ቡድን መሪ ሴት እንድትሆን ያዛል። አቤሰሎም ያዘጋጀው ሰው ወንድ ሆኖ ተገኘ። በዚያች ቅጽበት ፊቱ የነበረችው ሴት ሰርካለም ናት፤ ፈረመች። ከእሷ ፊርማ ውጭ ማኪንድዬ ሂል ሜዳ መግባት አይችልም። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ እስከ ዕለተ ሞቷ አላወቀችም። አንድ ጊዜ አምበሏ ዳናይት በማንኪያና በጨው ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ልታስረዳት ሞክራ ነበር።

«እሺ፣ ልጅቷ ቀድማ ከደረሰች ጥፋቷ ምንድን ነው?» አለች ሰርካለም።

«ኳሱ ሳይመታ ከተከላካዩ አልፋ መቆም የለባትም፣ ማማ ሰርኬ።»

«ቀድሞ መድረስማ ጉብዝና ነው። ይሄን ያወጣው ሰው ሰነፍ ነው።» የጨው ዕቃውን አንሥታ ሄደች።

ከተጫዋቾቹ ግማሾቹ የዩጋንዳ ልጆች፣ ግማሾቹ የእኛና የኤርትራ ልጆች ነበሩ። ሁሉም «ማማ ሰርኬ» ይሏታል። ግብ ጠባቂዋ ሳዕዲያ የኤርትራ ልጅ ናት፤ ምላሷ ከእጇ ይፈጥናል። አጥቂዋ ናካቶ እዚሁ ማኪንድዬ የተወለደች ናት፤ ከቡድኑ ውስጥ እንደ እሷ ዝምተኛ አልነበረም። እነዚህን ሦስቱን ማወቅ ይበቃል።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፉ። ሁለተኛውን አቻ ወጡ። ሦስተኛውን አሸነፉ፤ አንድ ለባዶ፣ ናካቶ በጭንቅላቷ። ያን ቀን ሰርካለም የምታበስልበትን ትልቅ ማማሰያ ይዛ ሜዳ ጠርዝ ላይ ስትጨፍር አራተኛው ዳኛ ማማሰያውን ቀማት። አራተኛውን ጨዋታ ተሸነፉ።

ከዚያ በሳምንቱ አጋማሽ፣ ምሳ ላይ፣ ሁሉም ማቶኬ፣ የተቀቀለ ሙዝ፣ የተቀመጠበት ሳህን ፊታቸው እንዳለ ስልኮቻቸው አንድ ላይ ጮኹ። አቤሰሎም የቡድኑ ዋትስአፕ ላይ ጽፎ ነበር። ሳዕዲያ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ውድ የማኪንድዬ ሂል ቤተሰብ፣ በሁኔታዎች ምክንያት ቡድኑ ከዛሬ ጀምሮ ሥራውን ማቆሙን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ። ለሁላችሁም መልካም ዕድል።» መጨረሻው ላይ ሁለት የተጣመሩ እጆች ምስል ነበረ።

ናካቶ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አንዲት ልጅ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው። አሰልጣኙ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። አውቶቡሱ ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም። ማሊያውና ታኬታው ለእጥበት ተብሎ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ መጋዘን ገብቶ ተቆልፎበታል።

ሰርካለም ከኩሽና ወጥታ «ማን ሞተ?» አለች፤ ፊታቸውን አይታ።

«ቡድኑ» አለች ሳዕዲያ።

«ማን መጥቶ ነገራችሁ?»

«ማንም አልመጣም። በስልክ ነው።»

ሰርካለም እጇን በሽርጧ ጠረገች። አይቻታለሁ፤ ፊቷ የዚያን የሽንኩርት ቀን ፊት ነበር። «ብሉ» አለቻቸው። «ምሳችሁን ብሉ። እኛ አልሰማንም።»

የቡድኑን መዝገብ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ የማውቀውን ነገርኳት። በሊጉ ደንብ ከአሥሩ ጨዋታ ግማሹን ያልተጫወተ ቡድን ውጤቱ በሙሉ ይሰረዛል። ተሸንፎ የወጣ ቡድን ሰንጠረዡ ላይ ይቀመጣል፤ ግማሽ ሳይደርስ የወጣ ግን ጨርሶ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ያገባውም፣ የገባበትም፣ የተጫዋቾቹም ስም። አራት ተጫውተዋል። አምስተኛው ቅዳሜ ነው፤ ሙንዮንዮ ሜዳ፣ ከፖርት ቤል ንግሥቶች ጋር።

«የናካቶ ጎልስ?» አለችኝ።

«እሱም ይሰረዛል።»

«እኔ በዓይኔ ያየሁት?»

«አዎ።»

ትንሽ አሰበች። «ቅዳሜ ሄደን ብንሸነፍስ?»

«ሽንፈቱ ይመዘገባል። የቀድሞዎቹም ይጸናሉ።»

«በቃ፣ ሄደን እንሸነፋለና!» አለች። ይህን ያለችው ዳቦ እንግዛ በሚባልበት ድምፅ ነው።

ለአቤሰሎም ደወለች፤ አያነሣም። ቦዳ የሚባለውን የሞተር ብስክሌት ታክሲ ይዛ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ሄደች፤ እኔም በሌላ ቦዳ ተከተልኳት። መጋዘኑ በር ላይ ዘበኛው «ቦስ የለም» አለን። የቦሱ መኪና ከጀርባው ቆሟል። ሰርካለም ዘበኛውን አልተከራከረችም። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በአማርኛ ተናገረች።

«አቤሰሎም! መርዶ በስልክ አልሰማም! የእናትህን መርዶ በስልክ ነገርኩህ? ቅዳሜ ጨዋታ አለን፤ እሁድ በማለዳ ልጆቹ ቁርሳቸውን በልተው ይጠብቁሃል። ሽማግሌ ይዘህ ና። እስክትመጣ ድረስ ቡድኑ በሕይወት አለ!»

ከውስጥ አንድ መስኮት ተዘጋ። ዘበኛው ምን እንዳለች ጠየቀኝ። «ምሳ ጋበዘችው» አልኩት።

አውቶቡስ የለም፣ ማሊያ የለም፣ ታኬታ የለም። ታኬታውን ልጆቹ ከየሰፈራቸው ተዋሱ። ነጭ የስፖርት ሸሚዝ ኦዊኖ ገበያ ከልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ ዳናይት መርጣ አመጣች። የቀረው ቁጥርና መኪና ነው። ሰርካለም ሁለቱንም ከእድሩ ልትወስድ ተነሣች። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ሀብቴ ናቸው፤ ደንብ ወዳድ ሰው፣ እኔ የማከብራቸው። የእድሩ ድንኳንና ኤልፍ የጭነት መኪና ለለቅሶ ካልሆነ አይወጣም።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ አቶ ሀብቴ።

«ማንም አልሞተም፤ እንዳይሞት ነው።»

«ሰርካለም፣ ደንቡ...»

«አሮጌው ድንኳን ተቀዳዶ መጋዘን ተጥሏል አይደል? እሱን ልቁረጥ።»

«እሺ፣ አሮጌውን። መኪናውስ?»

«እሁድ ጠዋት እኔ ቤት መርዶ አለ። መኪናውን አንድ ቀን አስቀድሜ ነው የምወስደው።»

«የማን መርዶ?»

«የቡድኑ። አቤሰሎም ይመጣል። እርስዎም ሽማግሌ ሆነው ይመጣሉ።»

«እንደሚመጣ በምን አወቅሽ?»

«እንቁላሌን በልቷል» አለች። ቁልፉን ሰጧት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የማኪንድዬው ቤት በረንዳ ላይ ቁጥር ቆረጥን። የድንኳኑ ሸራ አረንጓዴ ነው፣ ወፍራም፣ መርፌ የሚሰብር። እያንዳንዷ የራሷን ቁጥር ሰፋች። ሳዕዲያ አንድ ቁጥሯን ይዛ አልሰፋም አለች።

«ማማ ሰርኬ፣ ስንት ሰው የተለቀሰበትን ሸራ ጀርባዬ ላይ አድርጌ ጎል ልጠብቅ? ኳሱ ራሱ አዝኖ ይገባል እኮ!»

«ይሄ ሸራ የስንቱን ዝናብ አቁሟል፤ ያንቺን ኳስ ያቅተዋል?»

«ይቀደዳል! ስንት ቦታ ተቀዷል እዩት!»

«አንቺም በአራት ጨዋታ ተቀደሻል፤ ጣልንሽ?»

በረንዳው በሳቅ ተናወጠ። ሳዕዲያ ራሷ እየሳቀች ክር ጎረሰች።

ከሃያዎቹ ተጫዋቾች ሌሎቹ ሄደው የቀሩት አሥራ አንድ ናቸው። ተቀያሪ የለም። ቅዳሜ ጠዋት በኤልፉ ጀርባ፣ በእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ወጡ። መንገዱ እንደ ሁልጊዜው ተጨናንቆ ነበር። ነገር ግን ኤልፉን፣ ወንበሮቹን፣ ነጭ የለበሱትን ሴቶች ያየ ሰው ሁሉ ቀብር መሰለው። ታክሲዎች ጥግ ያዙ። አንድ የቦዳ ነጂ የራስ መከላከያ ቆቡን አውልቆ ቆመ። ናካቶ፣ የማትናገረዋ፣ በአገሩ ቋንቋ በሉጋንዳ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ አንገቷን ሰበር ስታደርግለት ሌሎቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከሩቅ ለሚያይ የሚያለቅሱ ይመስሉ ነበር። ከማንም ቀድመን ደረስን።

ሜዳው በር ላይ የጨዋታው ኮሚሽነር አስቆሙን። ስማቸው ሉቤጋ ነው፤ በዕድሜ የገፉ፣ ኮት የለበሱ፣ በአገሩ አጠራር «ሙዜ» የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው በእንግሊዝኛ፣ ሰርካለም በአማርኛ ነበር የተነጋገሩት፤ እኔ መሐል ሆኜ እተረጉም ነበር።

«ሊጉ ቡድናችሁ ፈርሷል ብሎ ነግሮናል» አሉ። «የዛሬው ጨዋታ በፎርፌ ለፖርት ቤል ነው። እናንተ የላችሁም።»

«አለን» አለች ሰርካለም። «ይቁጠሩን።»

«ባለቤቱ አሳውቋል እኮ፣ እመቤት።»

«ለማን? ለእናንተ በስልክ። ለእኛ በስልክ። እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፤ ልጠይቅዎት። በእናንተ አገር አንድ ሰው ሞተ የሚባለው ስልክ ሲጮኽ ነው?»

ሙዜው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ናካቶ ዞረው በሉጋንዳ ጠየቋት። ናካቶ በሉጋንዳ ረጅም ነገር ተናገረች፤ በዚያ ዓመት ከእሷ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነው። ምን እንዳለች በኋላ ጠይቄአታለሁ። አያቷ ሲሞቱ ወሬውን ይዞ የመጣው አጎቷ እንደነበር፣ ከመንደር በእግሩ መጥቶ፣ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ስሙን ተናግሮ፣ ከዚያ እንዳረዳቸው ነገረቻቸው። ማማ ሰርኬም እንዲህ ያለው ሰው እስኪመጣ እየጠበቀች ነው፤ ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም አለቻቸው።

ሙዜ ሉቤጋ ኮታቸውን ቆለፉ። «በእኛም እንደዚያ ነው» አሉ ለሰርካለም። «ሞት የሚያወራ ሰው ፊቱ መታየት አለበት። ሊጉ የጻፈልኝን አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን ደንቡ የቡድኑ መሪ ተገኝታ አሰላለፍ ከፈረመች ቡድኑ ተገኝቷል ይላል። መሪዋ ማናት?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ፈርሚ።»

ፈረመች።

የፖርት ቤል ንግሥቶች አዲስ ማሊያ ለብሰው በሙዚቃ ገቡ። የእኛዎቹ ሲገቡ የሸራው ቁጥር ይንኮሻኮሽ ነበር። አንዷ የፖርት ቤል ተጫዋች ሳዕዲያን «ጀርባሽ ላይ የለጠፍሽው የጭነት መኪና ልብስ ነው?» አለቻት።

«የለቅሶ ድንኳን ነው» አለች ሳዕዲያ በእንግሊዝኛዋ። «ለአንቺ ነው የተተከለው። ገብተሽ ተቀመጪ።»

ጨዋታውን አላሳምረውም። ተቀያሪ የሌለው ቡድን እንዴት እንደሚጫወት ኳስ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ገባብን፤ ከእረፍት መልስ ሦስተኛው። ዳናይት እግሯን ይዟት እያነከሰች ትሮጣለች። ከአግዳሚያችን ጀርባ የነበሩ ሰዎች «ወደ ቀብራችሁ ሂዱ!» እያሉ ይጮኻሉ። ሰርካለም ዞራ «ቆይ፣ አልጨረስንም!» አለቻቸው። በአማርኛ ነበር፤ የገባቸው ይመስለኛል።

ከዚያ የናካቶ ሰባት ቁጥር ተገነጠለ። ግማሹ ተንጠልጥሎ እንደ ጅራት ይከተላታል። ዳኛው ያለ ቁጥር መጫወት አትችልም ብሎ አስወጣት። ሰርካለም መርፌና ክር ከጡት መያዣዋ አወጣች። ናካቶን አግዳሚው ላይ በሆዷ አስተኝታ መስፋት ጀመረች፤ ቡድኑ በአሥር ሰው ይከላከላል፤ ሳዕዲያ ከግብ ክልሏ «ማማ፣ ቶሎ! የሠርግ ቀሚስ አይደለም!» እያለች ትጮኻለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ናካቶ ተነሥታ እንደገባች የማዕዘን ምት አገኘን። ዳናይት በደኅናው እግሯ አሻማችው። ናካቶ ከሁሉም በላይ ተነሣች።

ሦስት ለአንድ። ማማሰያ ስላልነበራት ሰርካለም ከአግዳሚው አጠገብ የቆመውን ኤልፍ በእጇ ደበደበችው።

አራተኛው የገባብን መጨረሻ ላይ ነው። ፊሽካው ሲነፋ የእኛ ልጆች ሣሩ ላይ ወደቁ፤ ሰርካለም ግን ወደ እነሱ አልሄደችም። ቀጥ ብላ ወደ ሙዜ ሉቤጋ ሄደች።

«ይጻፉ» አለች። «አራት ለአንድ። ሽንፈታችን ይመዝገብልን።»

«ሰው ድሉን እንድመዘግብለት ሲያስቸግረኝ ኖሬአለሁ» አሉ ሙዜው እየጻፉ። «ሽንፈቱን ብሎ የመጣ አንቺ ነሽ።» አስነበቧት። እኔም አነበብኩ። ትክክል ነበር።

እሁድ በማለዳ አሥራ አንዱም እዚያው ቤት ነበሩ። ሰርካለም ከመንገዱ ማዶ ካለው ሻጭ ሮሌክስ አስጠቀለለች፤ እንቁላልና ቻፓቲ፣ ለእያንዳንዳቸው። ዞራ ዞራ እየተቆጣጠረች አበላቻቸው። ለዳናይት እግር በረዶ አሠረች። ስልኮቻቸውን ሰብስባ ድስት ውስጥ ከተተችና ከደነችው። ከዚያ በሩን ከፍታ ተቀመጠች። ይመጣል ብዬ አላመንኩም ነበር።

ፀሐይ ሳይበረታ አቶ ሀብቴና አንድ ሌላ የእድሩ ሽማግሌ ገቡ፤ ከኋላቸው አቤሰሎም። አልተላጨም። ልጆቹን አላያቸውም፤ ወለሉን ያያል። ሰርካለም ተነሥታ ወንበር ሰጠችው፤ ከዚያ ሄዳ ከልጆቹ መሐል፣ ከናካቶ ጎን ተቀመጠች። ይህን ልብ አልኩ። እጇ የሚያርፈው በሰሚው ትከሻ ላይ ነው።

አቶ ሀብቴ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ልጆች፣ እንግዲህ ሁሉም ነገር ፍጻሜ አለው...»

«አይደለም» አለች ሰርካለም። «እሱ ይናገር።»

አቤሰሎም ተነሣ። «ቡድኑ... በሁኔታዎች ምክንያት...»

«አቤሰሎም» አለችው በቀስታ። «የእናትህ ሞት እንዲህ አልተነገረህም።»

አቤሰሎም ቀና አለ። መጀመሪያ ያየው ሳዕዲያን ነው፣ ከዚያ ዳናይትን፣ ከዚያ ሁሉንም።

«ቡድናችን ሞቷል» አለ።

«ማን ገደለው?» አለች ሰርካለም።

«እኔ ነኝ። የዘጋሁት እኔ ነኝ። እናንተ ምንም አላደረጋችሁም።»

የሰርካለም እጅ ናካቶ ትከሻ ላይ ነበር። መጀመሪያ ያለቀሰችው እሷ ናት፣ ናካቶ፣ ድምፅ አውጥታ። ከዚያ ሁሉም። ሰርካለም አልቃሻ አልነበረችም፤ ያን ቀን ግን አልቅሳለች፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አቤሰሎም ቆሞ ቀረ። ጥቂት ቆይታ ሳዕዲያ አፍንጫዋን በነጩ ሸሚዟ ጠርጋ «ቅዳሜ አራት ለአንድ ወጣን፤ ሰምተሃል?» አለችው።

«ሰምቻለሁ።»

«ተመዝግቧል።»

«አውቃለሁ» አለ። ሰርካለም «ተቀመጥ፣ ሮሌክስ ተርፏል» አለችው። ተቀምጦ በላ።

ከዚያ ሁሉም ተበተኑ። ናካቶ ሌላ ቡድን ገባች። ዳናይት ትዳር ያዘች። ሊጉም የሁለተኛ ዓመት ውድድሩን አልጨረሰም፤ የቀረው ጽሕፈት ቤቱና መዝገቡ ነው። ሰርካለም ዘንድሮ ለሕክምና ናይሮቢ ሄዳ ነበር፤ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ነው ብላን። አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አቶ ሀብቴ ነበሩ፣ ከኋላቸው ሳዕዲያ። ሳዕዲያ የመጣችው ወሬ ልታወራ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ከፈትኩ። ሰላም ሳትለኝ «ቁርስ በልተሻል?» አለችኝ።

አልበላሁም ነበር። ገብታ እንቁላል ጠበሰችልኝ። እያወቅኩ በላሁት። እስክጨርስ ማንም አልተናገረም። በደንቡ ነው የሰማሁት፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም።

እንግዲህ ማረሚያው ይህ ነው። ማኪንድዬ ሂል ራሱን አላገለለም። ባለቤቱ ዘግቶታል፤ ይህንንም በአሥራ አንድ ተጫዋቾች፣ በሁለት የእድር ሽማግሌዎች፣ በቡድኑ መሪና በእኔ ፊት በአንደበቱ ተናግሯል። ቡድኑ የተዘጋው ረቡዕ በስልክ ሳይሆን እሁድ በሰው ፊት ነው። በመሐል ያለው ቅዳሜ የእነሱ ነው፤ ማንም ሊወስድባቸው አይችልም። ሊጉ ሙዜ ሉቤጋ የጻፉትን ትቶ ያችን አንድ መስመር አስቀርቷል፤ ቢያርም ባያርም የቡድኑ መዝገብ የሚከተለው ነው፦

ማኪንድዬ ሂል። አምስት ጨዋታ። አንድ ድል፣ አንድ አቻ፣ ሦስት ሽንፈት። የቡድን መሪ፣ ሰርካለም።